ሙዚቀኛነት እንጀራ ይሆናልን?

ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን ወደ መፈጸሙ ሲቃረብ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ሐኪም እሆናለሁ ያለ እንደሆነ ምርቃት ይዘንብለታል፤ መሐንዲስ እሆናለሁ ያለ እንደሆነ «ይሁንልህ» ይባላል፤ ነጋዴ እሆናለሁ ያለውንም ቢሆን የሚቃወመው የለም። ሙዚቀኛ እሆናለሁ ያለ እንደሆነ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። አባት ያኮርፋል፣ እናት ታዝናለች፣ ጎረቤት ይስቃል። ሁሉም በአንድ ቃል የሚጠይቁት ይህን ነው፤ «ይህ ደግሞ እንጀራ ይሆናል እንዴ?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ልጁን ለማስተማር ከጉሮሮው እየቀነሰ የደከመ ወላጅ ይህን መጠየቅ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው። የሚያሳዝነው መጠየቁ ሳይሆን ጥያቄው መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ወላጅ ጠይቆ ይቆጣል፤ ልጅም አቀርቅሮ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ምኞቱን ቀብሮ ልቡ የሌለበትን ትምህርት ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ ደብተሩን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ ይኮበልላል። ሁለቱም ጉዳት ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ጥያቄውን በቅን ልቡና አንሥቼ እንደ ዐቅሜ ለመመለስ ተነሣሁ።

አስቀድሜ ሐሳቤን በአጭሩ ልግለጽ። ሙዚቀኛነት እንጀራ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን እንደ ሙያ ለያዘው ሰው ብቻ ነው። ወላጆች «ሥራ አይደለም» ሲሉ፣ አንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ «አንድ ዘፈን ብቻ ይውጣልኝ እንጂ» ሲሉ፣ ተቃራኒ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሙዚቃን የሚያዩት እንደ ሎተሪ ነው። አንደኛው ወገን ሎተሪ ስለሆነ ተወው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ሎተሪ ስለሆነ ይድረሰኝ ይላል። ሎተሪ አለመሆኑን ግን ሁለቱም አላስተዋሉም።

ስለ ማን እንደምናገርም ይታወቅልኝ። ስሙ በአገር የተጠራውንና ምስሉ በየግድግዳው የተለጠፈውን ዘፋኝ ማለቴ አይደለም። የምናገረው በሠርግ ቤት፣ በሆቴል፣ በበዓል አደባባይና በስብሰባ አዳራሽ በሰው ፊት ሆኖ በእጁና በትንፋሹ ስለሚጫወተው ሙዚቀኛ ነው። ስመ ጥሩ ዘፋኝ አንድ ሲሆን ከኋላው ጊታር የሚመታው፣ ኪቦርድ የሚጫወተው፣ ሳክስፎን የሚነፋውና ድራም የሚመታው አምስትና ስድስት ሰው ነው። እንግዲህ የሥራው ሜዳ የሚገኘው ከፊት ከቆመው ከአንዱ ሳይሆን ከኋላ ካሉት ከብዙዎቹ ዘንድ ነው።

አገራችን ወላይታ የዜማ ድኻ አይደለችም። በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲደርስ ሽማግሌው፣ ጎልማሳውና ልጃገረዲቱ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መልክ ያለውን ዱንጉዛ ለብሰው ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን አይክድም። በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የወላይታ ምት ሲመታ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚቀር እንግዳ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ አያቶቻችን የሙዚቃን ዋና ሕግ ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። በደቡብ የአገራችን ክፍል፣ በእኛም ዘንድ ዲንካ በሚባለው መሣሪያ፣ ብዙ ሰዎች ረጃጅም መለከቶችን ይዘው ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ መለከት የሚሰጠው ከአንድ ድምፅ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ዜማው የሚገኘው አንዱ ሲያቆም ሌላው በተራው እየተቀበለ ሲነፋ ነው። አንዱ ከዘገየ ዜማው ይሰበራል፤ አንዱ ልታይ ልታይ ብሎ ተራውን ካላለፈም ዜማው ይበላሻል። ሰዓትን ማክበርና ባልደረባን መስማት ከፈረንጅ አገር የመጣ ትምህርት አለመሆኑን ዲንካ ያስተምረናል።

ታዲያ ዜማው እንዲህ ከበለጸገ ዜመኛው ስለምን ይናቃል? ይህ ጠባይ የወላይታ ብቻ አይደለም። በሰሜን አዝማሪው፣ በየአገሩም ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ሲናቁ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን የሚሰድብ ሁሉ ከስድቡ እንዲቆጠብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በሽታው ሥር ሰድዶ ስላገኙት ነው። በዛሬ ጊዜ የሸማኔው ልጅ አባቱ በሠራው ጥበብ ይኮራል፤ የሙዚቀኛው ተራ ግን ገና አልደረሰም። እናት ልጇን ስትድር «ሙዚቃ የሌለው ሠርግ ምኑን ሠርግ ነው» ትላለች፤ ልጇን ለሙዚቀኛ ዳሪ ብትባል ግን አትድርም። እንግዲህ የምንጠላው ሙዚቃውን አይደለም፤ የተጠራጠርነው የሰውየውን ኑሮ ነው። ኑሮው የተቃና መሆኑን በሥራ ያሳየ እንደሆነ ንቀቱም በዚያው ልክ ይወገዳል።

እስኪ ወደ ታሪክ መለስ ብለን ሙዚቀኛው በአገራችን እንዴት እንጀራውን እንዳገኘ እንመልከት። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት ባንድ ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦርም የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በእነዚህ ቤቶች የሚሠራው ሙዚቀኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝተኛ ነበር። የሚገባበት ሰዓት፣ የሚለማመድበት ክፍል፣ የሚያዝዘው አለቃ ነበረው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናደንቀው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሙዚቃ በጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ በየቀኑ ጠዋት ለልምምድ ይሰለፉ ከነበሩት ስማቸው ካልተጠራላቸው ነፊዎችና ከበሮ መቺዎች ጭምር የተገኘ ነው።

ከዚያ ዘመን ሰዎች የማሕሙድ አሕመድ ታሪክ በተለይ ለእኛ ለወላይታ ልጆች ትምህርት ይሰጠናል። ከአገራችን ወጥተው በአዲስ አበባ ጎዳና ሊስትሮ ሆነው ጫማ በመጥረግ ራሳቸውን የሚረዱ፣ ከዚያም ለወላጆቻቸው የሚልኩ ወንድሞቻችን ብዙዎች ናቸው። ማሕሙድም በመርካቶ ያደገ፣ በልጅነቱ ጫማ የጠረገ ሰው ነው። በኋላም አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ውስጥ በልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ ተቀጠረ። በዚያ ክበብ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወቱ ነበር። በ1950ዎቹ መካከል አንድ ምሽት መደበኛው ዘፋኝ ሳይመጣ ሲቀር ማሕሙድ «እኔ ልዝፈን» ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት፤ ከዚያም ለዓመታት በኦርኬስትራው ውስጥ ሠራ። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው «ዕድለኛ ነበረ» ይላል። ነገር ግን ያን ምሽት ዘፈኖቹን ባያውቃቸው ኖሮ ዕድሉ ምን ይረባው ነበር? ወለል እየጠረገ የሰማውን ሁሉ አጥንቶ ስለ ነበር በሩ ሲከፈት ገባ። በኋላም ዘፋኝነቱን ሳይተው በአዲስ አበባ ፒያሳ የሙዚቃ ሱቅ ከፍቶ ይነግድ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዘፋኝነቱን በንግዱ ደገፈው እንጂ አላፈረበትም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሙዚቀኛው ኑሮ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ብዙ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፤ ከቀሩት በአንዳንዶቹ ሙዚቀኛውም እንግዳውም ሰዓት እላፊው እስኪነሣ ሌሊቱን እዚያው ያድር ጀመር። በዚህ አስቸጋሪ ወቅት ሥራቸውን ካላቋረጡት ባንዶች አንዱ ዋልያስ ነው። በዚያ ጊዜ በብዙ ክበቦች መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለ ነበር ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ዕለት ጊታሩም ድራሙም እዚያው ይቀርና ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። የዋልያስ ልጆች ይህን ስለ ተረዱ የራሳቸውን መሣሪያ አሟልተው ከሂልተን ሆቴል ጋር በውል ሠሩ። መሣሪያው የራሳቸው ስለሆነ ከአሠሪው ጋር ለመነጋገር አንደበት አገኙ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስል ግን የሙያው ሁሉ መሠረት ነው።

የዋልያሱ የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ከሄደ በኋላ ኃይሉ እዚያው ቀረ። የሙዚቃው ሥራ እየሳሳ ሲሄድ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ነገር ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። እንዲህ ሲል ብዙ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ የካሴት ሥራው እንደገና ታትሞ በዓለም ሲሰማ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መድረኮች ጥሪ መጣለት፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። ጥሪው በመጣ ጊዜ እጁ ደርቆ ቢሆን ኖሮ ምን ብሎ ይሄድ ነበር? ታክሲው እንጀራውን ሰጠው፤ ልምምዱ ሙያውን ጠበቀለት። ሰው ሁለቱንም መያዝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ተነሥቼ ለዛሬው የሶዶ ወጣት ያስፈልጋሉ የምላቸውን ነገሮች በተራ ላቅርብ።

አንደኛው ዕውቀት ነው። በሶዶ፣ በቦዲቲ ወይም በአረካ ሠርግ ላይ የሚታደመው እንግዳ ከብዙ ወገን የመጣ ነው። ወላይታው፣ ጋሞው፣ ዳውሮው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞውና አማራው እያንዳንዱ የየራሱን ምት ይጠብቃል። አምስት ዘፈን ብቻ የሚያውቅ ባንድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶውን ይቀራል። ተጫዋቹ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ ማወቅ፣ ዘፋኙ ድምፁ አልደርስ ቢለው ቅኝቱን ወዲያው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይገባዋል። የወላይታን የቅብብል ዜማ ደግሞ ከሽማግሌዎች አፍ መማር አለበት እንጂ ሌላ ሰው አሳጥሮ ከቀዳው ላይ ብቻ አይማረውም። ኖታ ማንበብም ይጠቅማል፤ ኖታ የሚያነብ ሰው ባልለመደው ባንድ ውስጥ በአንድ ቀን ልምምድ ተተክቶ መሥራት ይችላል፤ ይህም ማለት ሌላው ሲታመም እርሱ ይጠራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰዓትና ቃል ነው። ሙሽራ በሰባት ሰዓት የሚገባ ከሆነ የድምፅ ማጉያው በአምስት ሰዓት ተተክሎ መፈተሽ አለበት። ሠርግ አይደገምም። በደንብ የሚጫወት ግን የሚያረፍድ ሙዚቀኛ እና መጠነኛ ችሎታ ኖሮት በሰዓቱ የሚገኝ ሙዚቀኛ ቢወዳደሩ ለሚቀጥለው ሠርግ የሚጠራው ሁለተኛው ነው። የከተማችን ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ስለሆነ የአንድ ቀን ማርፈድ እስከ ጉኑኖና እስከ በሌ ድረስ ይሰማል።

ሦስተኛው ውልና ሒሳብ ነው። በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ባንድ የሚፈርሰው በዜማ ሳይሆን በገንዘብ ነው። እንበልና አምስት ልጆች ያሉበት ባንድ ለአንድ ሠርግ በ30,000 ብር ተዋዋለ። አኃዙ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው። ጀማሪው ወዲያው 30,000ውን ለአምስት አካፍሎ «6,000 ብር አገኘሁ» ይላል። እውነተኛው ሒሳብ ግን እንዲህ ነው። ለመኪና 4,000፣ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ 6,000፣ ለምግብና ለልዩ ልዩ ወጪ 2,000 ሲከፈል 18,000 ይቀራል። ከዚያ ላይ 3,000 ለባንዱ ሳጥን ቢቀመጥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3,000 ብር ነው። ለዚያ ሠርግ አራት ምሽት ተለማምደው በአምስተኛው ቀን ቢሠሩ የቀን ድርሻቸው 600 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው አይከፋም፤ ሳያውቅ የገባ ግን ከጓደኞቹ ይጣላል፤ «ገንዘቡን ማን በላው?» ይላል።

በዚሁ ምሳሌ ላይ ሌላም ነገር እናያለን። በ10 ሠርግ የሚከፈለው የድምፅ ማጉያ ኪራይ 60,000 ብር ነው። በሳጥኑ ገንዘብ ቀስ በቀስ የራሱን ማጉያ የገዛ ባንድ ያንን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ውሉም በቃል ብቻ መሆን የለበትም። ቀኑ፣ የሚጀመርበትና የሚፈጸምበት ሰዓት፣ የቀብዱ ልክ፣ ቀሪው ገንዘብ የሚከፈልበት ጊዜ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ሠርጉ ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል። የራሱን ዜማና ግጥም የሚደርስ ሰው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 410 ሊያውቅ ይገባዋል፤ አዋጁ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን በመድረክ የሚጫወተውንም የሚጠብቅ ነውና።

አራተኛው ቁጠባ ነው። የሙዚቀኛ ገቢ እንደ ዝናብ ወቅት አለው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ ይሳሳል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ መሰብሰብ ሁሉ ተከልክሎ ከመድረክ በቀር ሌላ ገቢ ያልነበረው ሰው ምን ያህል እንደ ተቸገረ እናስታውሳለን። ስለዚህ የበጋውን እህል በጎተራ እንደሚያስቀምጥ ገበሬ፣ ሙዚቀኛም የሠርጉን ወር ገንዘብ ለክረምት ማስቀመጥ አለበት። ከዚህም ጋር ሁለተኛ ሙያ ይኑረው። መሣሪያ መጠገን፣ ድምፅ መቅረጽ፣ ልጆችን ኪቦርድና ጊታር ማስተማር፣ ወይም ከሙዚቃ ውጭ ያለ ሌላ ሥራ ቢሆንም ነውር የለውም።

አምስተኛው ጤናና ጠባይ ነው። ወላጆቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህን ነው፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የምሽት ሥራ መጠጥንና ጫትን በእጅ አቅርቦ ያሳያል። ጋባዡ በጨዋነት ያቀረበውን ብርጭቆ ሁሉ የሚቀበል ተጫዋች ሠርጉ ሳያልቅ እጁ ይከዳዋል። አናጢ ሰክሮ ጣራ ላይ እንደማይወጣ ሁሉ ሙዚቀኛም በሥራ ሰዓቱ የማይጠጣ መሆን አለበት። ጆሮንም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱ ከትልቅ ማጉያ አጠገብ ቆሞ የሚሠራ ሰው ካልተጠነቀቀ ጆሮው ይጎዳል፤ ጆሮው የተጎዳ ሙዚቀኛም መሣሪያው እንደ ተሰበረበት ሰው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የእምነት ነገር ነው። በወላይታ ብዙ ቤተሰብ ዓለማዊ ዘፈንን ከሃይማኖቱ የተነሣ አይቀበልም። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ልጅም ቤተሰቡን ንቆ የሚጀምረው ሥራ አያምርበትም። ነገር ግን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ኪቦርድ የሚጫወቱት፣ መዘምራንን የሚያሠለጥኑት፣ ድምፅ የሚያስተካክሉትም ሙዚቀኞች መሆናቸውን አንርሳ። ልምምዱ፣ ሰዓት ማክበሩና ጆሮው ያው ነው። የሚጫወትበትን ስፍራ እያንዳንዱ እንደ ሕሊናው ይመርጣል፤ ሙያው ግን በሁለቱም ስፍራ ሙያ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመኪናው፣ ማለት የተቀዳ ሙዚቃ ነገር ነው። «ዛሬ አንድ ዲጄ በአንድ ኮምፒዩተር ሠርጉን ሁሉ ሲያጫውት አምስት ሰው ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቀድሞም ኪቦርድ ሲመጣ የብዙ ነፊዎችን ቦታ ወስዷል። ነገር ግን የተቀዳ ሙዚቃ የማይችለው አንድ ነገር አለ። አያት ለመጨፈር ሲነሡ ምቱን ማዘግየት፣ የሙሽራውን አባት በስም ጠርቶ ማወደስ፣ ሕዝቡ ሲሞቅ ዜማውን ማርዘም አይችልም። ሰው የሚከፍለው ለዚህ ነው። እንግዲህ በሰው ፊት የሚጫወት ሙዚቀኛ የተቀዳውን ዘፈን እንደወረደ ከደገመ በእርግጥ መኪናው ይበልጠዋል፤ ሰዉን እያየ ከተጫወተ ግን መኪናው አይደርስበትም።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው መሐንዲስ እንዲሆን ነበር። እዚያ ሳለ ዝንባሌው ታየና በለንደን፣ ቀጥሎም በአሜሪካ በቦስተን በርክሊ በሚባለው ትምህርት ቤት ሙዚቃ ተማረ። ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሰየመው ሙዚቃ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ይህን የማነሣው ልጅ ሁሉ ሙላቱ ይሆናል ለማለት አይደለም። ሙላቱ ትምህርትን ጥሎ ሳይሆን ትምህርትን ለውጦ ሙዚቀኛ መሆኑን ለማሳየት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ልጁ «ሙዚቀኛ እሆናለሁ» ሲል ወላጅ «አይሆንም» ከማለት ይልቅ «እንግዲያውስ 12ኛን ጨርስ፤ በቀን አንድ ሰዓት ተለማመድ፤ ከዓመት በኋላ የተማርኸውን አሳየኝ» ቢለው የልጁ ፍላጎት እውነተኛ ይሁን ወይም የአንድ ሰሞን ሙቀት በዚያው ይለያል። አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መለማመድ ያልቻለ ልጅ ራሱ ይተወዋል፤ የቻለውን ልጅ ግን ማንም ሊያስቆመው አይገባም።

ስለ ሴት ልጆችም መናገር ያስፈልጋል። ሴት ዘፋኝ ስትሆን እንሰማለን፤ ጊታር ስትመታ፣ ድራም ስትመታ ወይም ሳክስፎን ስትነፋ ግን እምብዛም አናይም። እኅቶቻችን በክፍል ውስጥ ከእኛ እኩል፣ ብዙ ጊዜም በላይ ውጤት የሚያመጡ ሲሆኑ ጣታቸው ለክር አይሆንም የሚል ሰው ምክንያቱን ሊነግረን አይችልም። የምሽት መንገድ አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ባንዱ መኪና ሲከራይ እያንዳንዱን አባል እስከ ቤቱ የሚያደርስ አድርጎ መዋዋል እንጂ እነርሱን መተው አይደለም።

በመጨረሻም ለትምህርት ቤታችን ያለኝን ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ያሉት ጥቂት መሣሪያዎች ለበዓል ቀን ብቻ ከሚወጡ ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሙዚቃ ክበብ ይሰጡ፤ ኃላፊነቱንም ተማሪዎች በፊርማ ይረከቡ። ሁለተኛ፣ ዲንካና ሌሎችንም የአባቶቻችንን መሣሪያዎች የሚያውቁ አዛውንቶች በክብር ተጋብዘው ያስተምሩን፤ ለድካማቸውም ተገቢው ይከፈላቸው። በነጻ አምጥተን እያስተማሩን ሙያ ያከብራል ብለን መናገር አይቻለንም። ሦስተኛ፣ የክበቡ ልጆች ለወላጆች ቀን ሲጫወቱ እንደ እውነተኛ ባንድ ውል ይጻፉ፣ ሒሳብ ይያዙ፣ በሰዓቱ ይጀምሩ። የንግድና የሒሳብ መምህሮቻችን ቢረዱን ይህ ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማችን ወላይታ ሶዶ የክልሉ ርእሰ ከተማ ሆናለች። ስብሰባው፣ እንግዳውና ሆቴሉ በዚያው ልክ ይበዛል። ለእንግዳ የሚቀርበውን ዜማ ከሌላ ስፍራ ከምናስመጣ ከራሳችን ልጆች ብናገኝ ክብሩም ጥቅሙም ለከተማችን ነው። የሆቴል ባለቤቶችም ሙዚቀኛውን በጉርሻ ሳይሆን በውልና በደመወዝ ቢያሠሩት፣ እርሱ ትዳር ይይዛል፤ እነርሱም በየሳምንቱ ሙዚቀኛ ፍለጋ ከመዞር ያርፋሉ።

እንግዲህ የተነሣሁበት ጥያቄ ሙዚቀኛነት እንጀራ ይሆናልን የሚል ነበር። እንጀራ በአንድ ሌሊት አይጋገርም። ጤፉ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ ነው ምጣድ የሚጣደው። ጓደኞቼ ሆይ፣ ምጣዱ እንዲጣድ ብቻ አትቸኩሉ። ወላጆቻችን ሆይ፣ ሊጡ እየቦካ ሳለ «የታል እንጀራው?» ብላችሁ አትድፉብን። መምህሮቻችን ሆይ፣ እርሾው ከእናንተ ዘንድ ነውና አትንፈጉን።